ሕፃናት ማሳደጊያ ለመክፈት ሕጉ ምን ይጠይቃል? ከመሥራቾች ቃለ ጉባኤ እስከ መጀመሪያው ልጅ ማኅደር

ማሳደጊያ መክፈት የሚፈልግ ሰው ምክር ፍለጋ ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ ቤቱን አስቀድሞ ተከራይቷል። አልጋው ተገዝቷል፣ ግድግዳው ላይ ቢራቢሮና ዝሆን ተስሏል፣ ስሙም ባነር ላይ ታትሟል። "የቀረችን ወረቀቷ ብቻ ናት" ይላሉ። ወረቀቷ ግን ወራት ትፈጃለች፣ በዚህ መሃል የቤት ኪራዩ ይቆጥራል። ሰፈሩም ወሬውን ስለሰማ በር ላይ ልጅ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። ፈቃድ ሳይኖር በርኅራኄ የገባው የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ ከሁሉም የሚከብደውን የሕግ ጣጣ ይዞ ይመጣል።

ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚሄደው በተቃራኒው ነው፤ አልጋው መጨረሻ ላይ ይገዛል። የጻፍኩት በዋናነት አዲስ አበባን በማሰብ ነው። በክልል የሚሠራ ሰው የቢሮዎቹን ስምና አንዳንድ ሕጎችን በክልሉ መቀየር ይኖርበታል፤ ልዩነቱ የሚያመጣውን ነገር በየቦታው እጠቁማለሁ።

አንደኛ፦ ሕጉ ማሳደጊያን የት ቦታ ላይ እንዳስቀመጠው ይወቁ

ይህን ክፍል ዘልሎ ወደ ቅጹ መሄድ ያጓጓል። አይዝለሉት፤ ቢሮው ፕሮጀክትዎን የሚመዝነው በዚህ ነው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሙሉ በሙሉ ስለ ሕፃናት ነው። ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት ለእጓለ ማውታ (ወላጅ አልባ ሕፃናት) ልዩ ጥበቃ እንደሚያደርግ፣ በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን መንገድ የሚያመቻቹና ደኅንነታቸውን፣ ትምህርታቸውን የሚያራምዱ ተቋማት እንዲቋቋሙም እንደሚያበረታታ ይናገራል። ልብ ይበሉ፦ ተቋሙ ልጁን ወደ ቤተሰብ የሚያሻግር ተደርጎ ነው የታሰበው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 10/1984 ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም መነሻው ቤተሰብ ነው።

ወደ ዝርዝሩ ሲወርዱ፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ የሕፃናት ክብካቤ ብሔራዊ መመሪያ አምስት መንገዶችን አስቀምጧል፦ ማኅበረሰብ አቀፍ ክብካቤ፣ ከቤተሰብ ጋር መልሶ ማቀላቀል፣ የአደራ ቤተሰብ (ልጁን ለጊዜው ተቀብሎ የሚያሳድግ ቤተሰብ)፣ ጉዲፈቻ፣ በመጨረሻም ተቋማዊ ክብካቤ። ማሳደጊያ የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ሌላው በር ሁሉ ተንኳኩቶ አልከፈት ሲል ብቻ የሚገባበት። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. ያጸደቀው የአማራጭ ክብካቤ መመሪያም ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጅ ለመለየት ምክንያት ሊሆን እንደማይገባ፣ በተለይ ከ3 ዓመት በታች ያሉት በቤተሰብ ውስጥ ማደግ እንዳለባቸው፣ ወንድምና እኅትም እንዳይነጣጠሉ ይላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የእትዬ አበበች ጎበናን ታሪክ ያነሳሉ። በ1972 ዓ.ም. ለግሸን ማርያም ንግሥ ወሎ ሄደው በረሃብ ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናትን ይዘው መመለሳቸው፣ በአንድ ዓመት ውስጥም ልጆቹ 21 መድረሳቸው የታወቀ ነው። ያ ቀን ዛሬ ቢሆን እትዬ አበበች ራሳቸው ከግሸን መልስ ወረዳ ይሄዱ ነበር ብዬ አምናለሁ። ያኔ ቤተሰብ በጅምላ የጠፋበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ማሳደጊያ በር ላይ ከሚደርሱት ብዙዎቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ ወይም አያት፣ አክስት፣ አጎት አላቸው፤ የጠፋው ቀለብና የቤት ኪራይ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው እርምጃ ጥያቄ ነው፦ የማስበው ልጅ በርግጥ ቤት ነው ያጣው ወይስ እናቱ ሥራ ነው ያጣችው? መልሱ ሁለተኛው ከሆነ ማሳደጊያ ሳይሆን የቤተሰብ ድጋፍ ድርጅት ያቋቁሙ። ምዝገባው ማሳደጊያም በሚመዘገብበት፣ ከዚህ በታች በምጠቅሰው መሥሪያ ቤት ነው፣ ኃላፊነቱ ግን እጅግ ይቀላል። ማሳደጊያው የግድ ነው ካሉ፣ ለምን የግድ እንደሆነ በቁጥርና በቦታ የሚያስረዳ የሁለትና ሦስት ገጽ ጽሑፍ ያዘጋጁ። በወረዳው ስንት ልጅ ለየትኛው አገልግሎት ተጠባባቂ እንደሆነ ከወረዳው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ጠይቀው ያግኙ። ይህች ጽሑፍ በኋላ በሦስት ቢሮዎች ታስፈልግዎታለች።

ሁለተኛ፦ የድርጅቱን ዓይነት መምረጥ

ማሳደጊያ በንግድ ፈቃድ አይከፈትም። ከልጅ ክብካቤ ትርፍ አይገኝም፤ ትርፍ የሚታሰብበት ቦታ ካለ ሕጉ ሌላ ስም ይሰጠዋል። የሚያስፈልገው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ሆኖ መመዝገብ ነው፤ ሕጉም የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው።

የት ይመዘገባል? በአዲስ አበባ ወይም በድሬዳዋ የሚሠራ፣ ከአንድ ክልል በላይ የሚሠራ፣ ወይም የውጭ ድርጅት ከሆነ ወደ ፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይሄዳል። በአንድ ክልል ብቻ የሚወሰን ከሆነ የክልሉን ሕግና ቢሮ ይመለከታል። ብዙ ሰው "ለማንኛውም ፌዴራል ልመዝገብ" ይላል። ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ቤት ብቻ ለሚያስብ ሰው ግን ይህ በየዓመቱ አዲስ አበባ መመላለስ ማለት ነው።

አገር በቀል ድርጅት የሚያቋቁሙት ኢትዮጵያውያን፣ በኢትዮጵያ ነዋሪ የሆኑ የውጭ ዜጎች ወይም ሁለቱ በጋራ ናቸው። ዲሲ ወይም ቴል አቪቭ ሆነው የሚያነቡ፣ የሌላ አገር ፓስፖርት ይዘው እዚያው የሚኖሩ ወገኖች እዚህች መስመር ላይ ይቁሙ። ነዋሪነትዎ ኢትዮጵያ ካልሆነ የአገር በቀል ድርጅት መሥራች ሆኖ መፈረም አያዋጣም። ምርጫዎ በሚኖሩበት አገር የተመዘገበ ድርጅት ካለዎት እንደ ውጭ ድርጅት መመዝገብ፣ አለዚያም እዚህ ካለና ከተፈተነ ድርጅት ጋር በስምምነት መሥራት ነው። እኔ ሁልጊዜ ሁለተኛውን ነው የምመክረው፤ ገንዘቡ ከምዝገባና ከቢሮ ወጪ ተርፎ ልጆቹ ዘንድ ይደርሳል።

አዋጁ በርካታ አደረጃጀቶችን ይፈቅዳል፦ ማኅበር፣ በቦርድ የሚመራ ድርጅት፣ ኢንዶውመንት፣ ትረስት፣ የበጎ አድራጎት ኮሚቴ። ለማሳደጊያ የሚስማማው በቦርድ የሚመራው ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ መሥራቾች ያቋቁሙታል፣ የበላይ አካሉ ከ5 ያላነሱ ከ13 ያልበለጡ አባላት ያሉት ቦርድ ነው፣ ሥራ አስኪያጁም ተጠሪነቱ ለቦርዱ ነው። የሥራ አስኪያጁ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ የቦርድ አባል መሆን አይችልም። ይህች ድንጋጌ የብዙ መሥራች ባልና ሚስቶችን ዕቅድ ታፈርሳለች። እሷ ሥራ አስኪያጅ፣ እሱ ቦርድ ሰብሳቢ፣ ወንድሟ ገንዘብ ያዥ የሚለው አሠላለፍ አይሄድም። ደግሞም ጥሩ ነው የማይሄደው፤ ማሳደጊያ ውስጥ በልጅ ላይ በደል ሲደርስ መጀመሪያ የሚደፈነው የዘመዳሞች አፍ ነው።

ቦርድ ሲመርጡ ስም ያለው ሰው ብቻ አይፈልጉ። አንድ የሕግ ባለሙያ፣ አንድ የሂሳብ ሰው፣ አንድ ነርስ ወይም ሐኪም፣ አንድ ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ)፣ ከተቻለም ራሱ በማሳደጊያ ያደገ አንድ ሰው ይኑርበት። ይህ የመጨረሻው ሕጉ ያላለው የኔ ጭማሪ ነው፤ "ልጆቹ ደስተኞች ናቸው" የሚል ሪፖርት ሲቀርብ ጥያቄ የሚጠይቀው እሱ ነው።

ሦስተኛ፦ የምዝገባ ሰነዶች

ለባለሥልጣኑ የሚቀርበው ማመልከቻ የሚከተሉትን ይይዛል፦ የመሥራቾች ጉባኤ ቃለ ጉባኤ፣ የመሥራቾች መታወቂያ ቅጂና አድራሻ፣ የድርጅቱ ስምና ካለው ዓርማው፣ የተሰማራበት ዘርፍና የሚሠራበት ቦታ፣ በመሥራቾች የጸደቀ መተዳደሪያ ደንብ።

ከእነዚህ ሁሉ ጊዜ የሚገባው ደንቡ ነው። ከሌላ ድርጅት ተገልብጦ የመጣ ደንብ ወዲያው ይታወቃል። አንዳንዱ ላይ የዓይነ ስውራን ማኅበር ዓላማ ሳይሰረዝ ቀርቶ አይቻለሁ። በደንቡ ውስጥ ቢያንስ እነዚህ ጥርት ብለው ይጻፉ፦ ሥራ አስኪያጁን ማን ይሾማል፣ ማን ያነሳል፤ ቼክ ላይ እነማን ይፈርማሉ (ሁለት ሰው ይሁን)፤ ድርጅቱ ቢፈርስ ንብረቱ ለየትኛው ተመሳሳይ ዓላማ ላለው ድርጅት ይተላለፋል። ንብረቱ ወደ መሥራቾች አይመለስም። በራስዎ ገንዘብ ቦታ ገዝተው ለድርጅቱ ካስተላለፉ የእርስዎ መሆኑ እዚያው ላይ ያበቃል፤ ይህን ከባለቤትዎ ጋር ተነጋግረው ይጨርሱ።

ስሙ ከሌላ ድርጅት ስም ጋር የሚመሳሰል ከሆነ ይመለሳል፤ ሦስት አማራጭ ይዘው ይሂዱ። ሰነዱ የተሟላ ከሆነ ለአገር በቀል ድርጅት የምዝገባ ውሳኔ በ30 ቀናት ውስጥ እንዲሰጥ አዋጁ ያዛል። ከተከለከሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ለባለሥልጣኑ ቦርድ፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት አቤት ማለት ይቻላል።

በነገራችን ላይ፣ "ስለ ሕፃናት መብት የሚሠራ ድርጅት ከውጭ ገንዘብ መቀበል አይችልም" የሚሉ ሰዎች አሁንም አሉ። ያ የአዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን ነው፤ ከውጭ የሚገባውን 10 በመቶ ላይ የገደበው እሱ ነበር። አዋጁ ተሽሯል።

አራተኛ፦ የምስክር ወረቀቱ ልጅ ለመቀበል ፈቃድ አይደለም

ትልቁ ስህተት እዚህ ነው። የምዝገባ ምስክር ወረቀት ድርጅቱ በሕግ ሰው ሆኖ ተወለደ ማለት ነው። ባንክ ይከፍታል፣ ይከራያል፣ ይቀጥራል። ልጅ ለማሳደር ግን ሌላ በር ይቀረዋል።

በቅደም ተከተል እንዲህ ይሂዱ። ከባለሥልጣኑ ለማኅተም ማስቀረጫና ለባንክ ሂሳብ መክፈቻ የድጋፍ ደብዳቤ ይውሰዱ፤ ያለ ደብዳቤው ባንክ አይከፍትልዎትም። ከገቢዎች የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያውጡ። "ግብር የለብኝምኮ" አይበሉ፤ ከሠራተኛ ደመወዝ ግብር ቆርጦ ማስገባት ግዴታዎ ነው።

ከዚያ የፕሮጀክት ሰነድ ይዘው ወደ ከተማው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ይሂዱ። በፌዴራል ደረጃ የዘርፉ ባለቤት የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው፣ የዕለት ተዕለት ሥራዎ ግን ከቢሮው፣ ከክፍለ ከተማውና ከወረዳው ጋር ነው። ቢሮው ሰነዱን ገምግሞ፣ ቤቱን አይቶ፣ ስምምነት ይፈራረማል፤ በጀቱን የሚመለከተው ከፋይናንስ ቢሮ በኩልም ይታያል። የሚጠየቁትን አስቀድሜ ልንገርዎ፦ በየትኛው ዕድሜ ክልል፣ ስንት ልጅ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በምን መንገድ ይወጣሉ፣ ገንዘቡ ለስንት ዓመት ተረጋግጧል? "እስከምንችለው እንረዳለን" መልስ አይሆንም።

ባለሙያው የሚፈልገው አንድ ቃል "መውጫ" ነው። አንድ ልጅ እንዴት እንደሚገባ ሁሉም ጽፎ ይመጣል፤ እንዴት እንደሚወጣ የጻፈ ግን ፕሮጀክቱ ቶሎ ይፈረምለታል።

አምስተኛ፦ ቤቱ

አሁን ቤት ይፈልጉ። የኪራይ ውሉ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይሁን፣ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይመዝገብ። በስድስት ወር ማስጠንቀቂያ ከሰፈር ሰፈር የሚሰደድ ቤት ልጆቹን በየጊዜው ትምህርት ቤት ያስቀይራል።

ትንሽ ቤት ይምረጡ። የ2002ቱ ዓለም አቀፍ መመሪያ ቤቱ በተቻለ መጠን ቤተሰብ እንዲመስል፣ ትንሽ እንዲሆንም ይጠይቃል። ሃምሳ ልጅ በአንድ አዳራሽ ማለት ትምህርት ቤት ወይም ካምፕ እንጂ ቤት አይደለም። በአንድ ቤት ከስምንት እስከ አስር ልጅ የኔ ልክ ነው። የወንዶችና የሴቶች መኝታና መታጠቢያ የተለየ፣ ለታመመ ልጅ የሚሆን አንድ ክፍል፣ ጎብኚ ዘመድ ከልጁ ጋር የሚቀመጥበት ጥግ ይኑረው።

ከእሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን ባለሙያ ጠርተው ያሳዩ። የሚያዩት ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ነው፦ በመስኮቱ ላይ የተበየደው ፍርግርግ ብረትና ሌሊት በቁልፍ የሚዘጋው በር። ሌባ ለመከላከል የተሠራው ብረት እሳት ሲነሳ ልጆቹን ያስቀራል። ከውስጥ የሚከፈት ይደረግ። ከሰል ምድጃ በመኝታ ክፍል አይግባ፣ ሲሊንደር ከቤት ውጭ ይቀመጥ። የወጥ ቤት ሠራተኞች የጤና ምርመራ ይኑራቸው፣ የውኃ ታንከሩም በየጊዜው ይታጠብ።

ስድስተኛ፦ ሠራተኛ፣ ማለትም ቁጥሩ የማይዋሽበት ቦታ

በጀት የሚፈርሰው እዚህ ነው፤ ስለዚህ እናስላው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። 168ን ለ48 ሲያካፍሉ 3 ተኩል ይመጣል። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ፣ የበዓል ቀናት፣ ሕመምና የወሊድ ፈቃድ ሲጨመሩበት፣ ሌት ተቀን አንዲት ተንከባካቢ ከልጆቹ እንዳትለይ ከፈለጉ 4 ሰው መቅጠር አለብዎት። ሁለት እንክብካቤ ሰጪ በአንድ ጊዜ ከሆኑ 8። "እዚያው የምታድር አንዲት እናት አለችን" የሚለው አሠራር ሕጉንም ይጥሳል፣ ሴትዮዋንም ይጨርሳል። የተዳከመች ተንከባካቢ ትቆጣለች፣ የተቆጣ እጅ ደግሞ ይመታል።

ስለ መምታት፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1(ሠ) ሕፃን በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋም ውስጥ ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ ነፃ የመሆን መብት ሰጥቶታል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576ም በኃላፊነቱ ሥር ያለን ልጅ የሚያንገላታ ይቀጣል። "ቁንጥጫ ምን አለበት፣ እኛም በቁንጥጫ ነው ያደግነው" የሚል አመልካች ካጋጠመዎት አይቅጠሩት። ቤትዎ ውስጥ የተጻፈ የልጆች ጥበቃ ፖሊሲ ይኑር፣ እያንዳንዱ ሠራተኛና በጎ ፈቃደኛ አንብቦ ይፈርምበት፣ ልጆቹም ለማን አቤት እንደሚሉ ግድግዳ ላይ በሥዕል ይለጠፍላቸው።

ሁሉም ሠራተኛ ከቅጥር በፊት ከፖሊስ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ያምጣ። ዘበኛውም፣ ሹፌሩም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንግሊዝኛ ላስተምር ብሎ የመጣው ወጣትም፣ ከውጭ አገር የመጣው እንግዳም። ማስረጃው ብቻውን አይበቃም፤ ቀድሞ ለሠራበት ቦታ ይደውሉ። የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፣ በደንብ ይጠቀሙበት።

የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ እንዲያዋጡ ያስገድዳል። በጎ አድራጎት መሆን ከዚህ ነፃ አያወጣም።

ስለ አስተዳደር ወጪም አንድ ነገር፦ አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። ብዙ መሥራች ይህን ሰምቶ የተንከባካቢ ደመወዝ መቁረጥ ይጀምራል። አስተዳደር ማለት ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ያልተያያዘ የቢሮ ወጪ ነው፤ ልጅ የምታሳድግ ሴት ደመወዝ፣ የልጆቹ ቀለብና ኪራይ የፕሮጀክት ወጪ ናቸው። ሂሳብ ሠራተኛዎ ይህን መለየት ካልቻለ ቶሎ ያስተምሩት።

ሰባተኛ፦ የመጀመሪያው ልጅ

ማንኛውም ልጅ በግል ስምምነት አይገባም። ጎረቤት አምጥቶ፣ ቄሱ መክረው፣ እናት አልቅሳ የተሰጠ ልጅ ቢሆንም መንገዱ በወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው። የተጣለ ሕፃን ከሆነ መጀመሪያ ፖሊስ ይጠራል፤ የተገኘበት ቦታ፣ ሰዓት፣ የለበሰው፣ አብሮት የነበረ ዕቃ ሁሉ ይመዘገባል። ያቺ የተጠቀለለባት ጋቢ እንኳ ትቀመጥ፤ አንድ ቀን እናትን የምታስገኝ እሷ ትሆናለች። በአዲስ አበባ ሕፃናቱ በብዛት የሚሄዱት መንግሥት ወደሚያስተዳድረው ክበበ ፀሐይ ማሳደጊያ ነው፤ ትልልቆቹ ሴቶች በቀጨኔ፣ ወንዶቹ በኮልፌ ማሳደጊያ አሉ። የግል ማሳደጊያ ልጅ የሚቀበለው በቢሮው ምደባ ነው።

ለእያንዳንዱ ልጅ የሚከፈተው ማኅደር ውስጥ ቢያንስ እነዚህ ይግቡ፦ የቢሮው የምደባ ደብዳቤ፤ የፖሊስ ማስረጃ (የተጣለ ወይም የጠፋ ከሆነ)፤ የወላጅ ሞት ማስረጃ ወይም በሕይወት ያለ ወላጅ በቢሮው ፊት የሰጠው ቃል፤ የሶሻል ወርከር የቤተሰብ ፍለጋ ሪፖርት፤ የጤና ምርመራ ውጤት፤ የልጁ የራሱ አስተያየት፣ መናገር የሚችል ከሆነ።

የልደት ምስክር ወረቀትን አያዘግዩ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ ይመዘገባል፤ ወላጁ ለማይታወቅ ሕፃን ይህን የማስፈጸም ኃላፊነት ልጁን የተረከበው ላይ ነው። የአባት ስም ከሌለ እንዲያው ከቦርድ አባል ስም ተወስዶ የሚለጠፍበት አሠራር አለ። ልጁ በ18 ዓመቱ "ይህ ሰው አባቴ ነው?" ብሎ እስኪመጣ ድረስ ማንም አያስበውም።

ስለ ቃሉም አንድ ነገር ልበል። በሰፈር አማርኛ ሞግዚት ማለት ልጅ የምትይዝ ሠራተኛ ናት። በቤተሰብ ሕጉ ግን ሞግዚት የልጁን ንብረት የሚያስተዳድርና በሕግ ጉዳይ የሚወክለው ሰው ነው፤ ስለ ልጁ አካልና አስተዳደግ የሚወስነው ደግሞ አሳዳሪ ይባላል። ልጅ ማሳደጊያው ውስጥ ስላደረ ብቻ እርስዎ ሞግዚቱ አይደሉም። ልጁ ከሟች አባቱ የወረሰው ቤት ካለ፣ የጡረታ አበል ካለው፣ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ማን እንደሚፈርም በፍርድ ቤት መወሰን አለበት። የተሻሻለው የፌዴራል ቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሌሎችም የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው።

አንድ ቤት ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። "ወላጅ የሌለው" ተብሎ በአንዲት ደብዳቤ ብቻ የገባ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ሁለት ዓመት ከቆየ በኋላ አንዲት አሮጊት በር ላይ ቆመው የልጁን ስም ጠሩ። አያቱ ናቸው። ልጁን የወሰደው ሰው "ትምህርት ቤት ላስገባልሽ" ብሎ ነው የወሰደው። ልጁ ማታ ማታ አያቱን እንደሚጠራ ተንከባካቢዎቹ ያውቁ ነበር፤ ማኅደሩ ላይ ግን ማንም አልጻፈውም። ስለዚህ ምክሬ፦ ልጁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚናገራቸውን ስሞች፣ ወንዞች፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ስም፣ የከብት ስም ሳይቀር በቀን በቀኑ ይጻፉ። የቤተሰብ ፍለጋ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ስምንተኛ፦ ገንዘብ፣ ሪፖርትና ፎቶ

የበጀት ዓመቱ ባለቀ በሦስት ወር ውስጥ የሥራ ክንውንና የኦዲት ሪፖርት ለባለሥልጣኑ ይገባል። ለቢሮውም በስምምነቱ መሠረት በየጊዜው ይቀርባል። ድርጅቱ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራት ይችላል፤ ዳቦ ቤት ወይም ወፍጮ ከከፈቱ ሂሳቡን ይለዩ፣ ልጆቹን አያሠሩበት።

የሚበዛው ጥፋት አሁን በስልክ ነው። ሕፃን እያለቀሰ፣ ስሙና "እናቱ በኤች አይ ቪ የሞተች" የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት በቲክቶክ ይለመንበታል። ልጁ ነገ ያንን ቪዲዮ በክፍል ጓደኛው ስልክ ላይ ያየዋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ ያለው ነው። ለለጋሽ የሚላከው ፎቶ ፊት የማይታይበት፣ ስም የሌለበት ይሁን። በበዓል ኬክ ይዘው መጥተው ከልጆች ጋር ፎቶ ለሚነሱ እንግዶችም ደንቡን በር ላይ ይንገሯቸው። የሚቀየሙ ይኖራሉ፤ ይቀየሙ።

ዘጠነኛ፦ ልጁ የሚወጣበት መንገድ

ለእያንዳንዱ ልጅ በገባ በሦስት ወር ውስጥ የተጻፈ ዕቅድ ይኑር፣ በየስድስት ወሩም ይከለስ። ዕቅዱ መጀመሪያ ቤተሰብን ይፈልጋል። ዘመድ ከተገኘ ልጁን በአንድ ቀን አውቶቡስ ላይ አያሳፍሩት። መጀመሪያ ዘመድ ይጎብኘው፣ ከዚያ ልጁ ለሁለት ቀን ይሂድ፣ ከዚያ ለክረምት። ከተመለሰ በኋላም ሶሻል ወርከሩ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይከታተል።

ዘመድ ካልተገኘ የአደራ ቤተሰብና ጉዲፈቻ ይመጣሉ። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 ቀርቷል፤ "ለባዕድ አገር ሰው እናገናኛለን" የሚል ደላላ ከመጣ ለፖሊስ ነው የሚነገረው። የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ ግን ክፍት ነው። ጉዲፈቻ አድራጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው፣ ባልና ሚስት ከሆኑም አንዳቸው የሞላቸው መሆን አለበት፤ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ጉዲፈቻው የለም። ማሳደጊያው በሥሩ ያለን ልጅ ለጉዲፈቻ ሲሰጥ ስለ ልጁ ማንነት፣ እንዴት እንደተረከበው፣ ስለ ጉዲፈቻ አድራጊው ሁኔታ ጭምር ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በቂ መረጃ መስጠት ግዴታው ነው (የፌዴራል ቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 192)። ማኅደሩ ከመጀመሪያው ቀን በደንብ ካልተሞላ እዚህ ላይ ይያዛሉ።

18 ለሚሞላቸው ደግሞ ከ15 ዓመታቸው ጀምሮ ይዘጋጁ፦ የራሳቸው የባንክ ደብተር፣ መታወቂያ፣ ሙያ፣ ሽንኩርት ስንት እንደሚሸጥ ማወቅ። ማሳደጊያ ያደገ ልጅ ገበያ ሄዶ ስለማያውቅ የመጀመሪያ ደመወዙን በአንድ ሳምንት ሲጨርስ አይቻለሁ።

ልጁ ሲወጣ የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ የክትባት ካርዱን፣ የትምህርት ማስረጃዎቹንና ፎቶዎቹን በዋናው ይስጡት፤ የማኅደሩን ቅጂ ደግሞ በተቆለፈ የብረት ሳጥንና በሁለተኛ ቦታ ያስቀምጡ። ድርጅቱ ቢዘጋም ማኅደሩ ለቢሮው በርክክብ ሰነድ ይተላለፋል፣ አይቃጠልም። ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ጎልማሳ መጥቶ ሲጠይቅ የሚመልስለት ሌላ ሰው የለም፤ ስለዚህ ርክክቡ ላይ የገጽ ቁጥሩን ጭምር ጽፈው ያስፈርሙ።